መስተፋቅርና ዕፅዋት በሰሜን ሸዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መስተፋቅር ሰው ፊት ለፊት አይጠይቅም። ፀጉር ቤት፣ የሠርግ ጓዳ ውስጥ ወይም ማኅበር ሲበተን ከሰው ነጠል ብሎ "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" ይላል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር ሰው ሹክ እያለ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ነገሩ የጤናም የትዳርም ጉዳይ ስለሆነ ሳላድበሰብስ መልሻለሁ።

መስተፋቅር የሚባለው በትክክል ምንድን ነው?

ሰውን ሳይፈልግ እንዲወድ ያደርጋል ተብሎ የሚታመንበት ነገር ሁሉ መስተፋቅር ይባላል። አንዱ ዓይነት የጽሑፍ ነው። ደብተራው ብራና ላይ አስማት ይጽፋል፣ ጠልሰም ይስላል፣ ክታቡ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ወይም ክንድ ላይ ይታሰራል። ሌላው የዕፅዋት ነው። ይታጠኑታል፣ ይቀቡታል ወይም ይዘውት ይዞራሉ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ለሌላ ሰው በምግብና በመጠጥ የሚሰጠው ነው። ሁለቱ የሚጣመሩበት ጊዜም አለ፤ ከክታቡ ጋር ሥር አብሮ ይሰፋል።

ስሞቹን ሰው ያምታታቸዋል። ግርማ ሞገስ የሚባለው ባለቤቱ በሰው ፊት እንዲከበርና እንዲወደድ የሚያዝ ነው። አፍዝ አደንግዝ ሌላውን ለማፍዘዝ ይደረጋል የሚባለው ነው። መተት ለክፉ ነው። ዓይነ ጥላ ደግሞ መድኃኒት አይደለም፤ ትዳር ያሳጣል የሚባል መንፈስ ነው።

እኔ ግን ከስሙ ይልቅ አንድ ነገር አያለሁ። የምታደርጉት በራሳችሁ ገላ ላይ፣ ሰው እያየ ነው? ወይስ በሌላ ሰው አፍ፣ እሱ ሳያውቅ? የመጀመሪያው ባህል ነው። ሁለተኛው በደል ነው፤ መርዝም ሊሆን ይችላል።

በእኛ አካባቢ ለፍቅር ስማቸው የሚነሳው የትኞቹ ዕፅዋት ናቸው?

መጀመሪያ አደስ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፣ በደንብ ይነፋል፣ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወሳል፣ ፀጉር ይቀባበታል። ቅቤው በገላ ሙቀት ቀስ እያለ ሲቀልጥ መዓዛው ወደ አንገት ይወርዳል። ነጠላው ሳይቀር ይዞት ይሰነብታል። በሠርግ ሰሞን አደስ አደስ የማይል ቤት ሠርግ ያለበት አይመስልም።

አሪቲም አለ። እርጥቡ ዘለላ ተቆርጦ ሻሽ ሥር ይሸጎጣል፣ ደረት ላይ ይያዛል፣ በልብስ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ብርጉድ፣ ከርቤ፣ እነዚህ ሁሉ በጥሩ ጠረናቸው የሚፈለጉ ናቸው።

እንሶስላን ለብቻው ላንሳው፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። እንደ አንኮበር ባለ እርጥብ ደጋ፣ ጥላ ባለበት ቦታና በወንዝ ዳር ይበቅላል። አበባው ነጭ ነው፤ መሃሉ ላይ ሐምራዊ ምልክት አለው። የሚፈለገው ግን አፈር ውስጥ ያለው ድንች መሰል ሥሩ ነው። ሥሩ ይታጠባል፣ ይወቀጣል፣ በእጅና በእግር ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። እጇ የታሰረ ልጅ ውኃ እንኳ ራሷ አትጠጣም፤ ጓደኞቿ ናቸው የሚያጠጧት። ስለዚህ እንሶስላ የሚሞቅበት ሌሊት የጨዋታና የሳቅ ሌሊት ነው። ጠዋት ሲፈታ መዳፍና ጥፍር ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ይሆናል። ልጅቷ እጇን እያገላበጠች ስታየው ፊቷ ላይ የምታነቡትን ደስታ የትኛውም ክታብ አያመጣውም።

ቆላው ደግሞ የራሱ አለው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ወይባ ይሞቃል። መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወይባ እንጨት ይጨሳል፣ ሴትየዋ ተሸፋፍና ጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ቆዳዋ ይለሰልሳል፣ ጠረኑ ለቀናት አብሯት ይቆያል። ጢስ ጢስ ነውና በሩን ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል። አስም ያለባትና ነፍሰ ጡር ብትተወው ይሻላል።

እነዚህን አስማት ብሎ የሚጠራቸው ሰው ካለ አልስማማም። ሰው ራሱን ሲጠብቅ፣ ሲያምር፣ ሲሸት፣ ይወደዳል። ያ ግልጽ ነገር ነው።

በጥምቀት ሎሚ መወርወርስ መስተፋቅር ነው?

አይደለም፤ ሎሚው ጥያቄ ነው። ልጁ ይወረውራል፣ የልጅቷ ደረት ላይ ያርፋል። እሷ ፈገግ ልትል ትችላለች፣ ፊቷን አዙራም ልትሄድ ትችላለች። ሁሉ በአደባባይ ነው። የ44 ታቦታት ማደሪያ በምትባለው በምንጃር ኢራንቡቲ ያን ሁሉ ሕዝብ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ወጣቱ እዚያ የሚሄደው ለበዓሉ ነው፣ ለመተያየትም ጭምር ነው። እምቢ ማለት የሚቻልበት ባህል ስለሆነ ነው የማከብረው። እምቢ ካለች በኋላ ደጋግሞ የሚወረውር ግን ባለጌ ነው።

ሥር በጣሾች ተክሉን ከፀሐይ በፊት፣ ሳይናገሩ የሚነቅሉት ለምንድን ነው?

ሥርዓቱ ብዙ ነው። ከሰው ሳይነጋገሩ መውጣት፣ ጥላቸው ተክሉ ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ፣ ረቡዕና ዓርብን መምረጥ፣ ከሩካቤ መታቀብ። ተክሉ ኃይል አለው፣ ኃይሉ ደግሞ በንግግርና በርኩሰት ይጠፋል ተብሎ ይታመናል።

እኔ ሌላም ምክንያት ይታየኛል። በጨለማ የተነቀለውን ሥር ጎረቤት አያየውም። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ተመረጠ አንድ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ሀብት ነው። ምስጢሩ ከወጣ እንጀራው ይቋረጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። በየአካባቢው የታወቁ፣ ቅን የሆኑ መድኃኒት አዋቂዎች አሉ። ለምች ዳማ ከሴ ጨምቀው የሚሰጡ፣ ቁስል የሚያጥቡ። እነሱን ከመስተፋቅር ነጋዴ ጋር አንድ ላይ መፈረጅ ግፍ ነው።

በምግብ ወይም በመጠጥ የሚሰጠው ምንድን ነው? በእርግጥ ይጎዳል?

ይጎዳል። ሊገድልም ይችላል። ይህን መልስ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሰጪው "ጥቂት ሥር ነች፣ ቡናው ላይ ጣል አድርጊበት" ይላል። የምን ሥር እንደሆነ አይናገርም። የተወቀጠ ነገር ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላል። ከመካከላቸው በጣም የሚያስፈራው አስተናግር ነው፤ አጠፋሪስም ይሉታል። ሁላችሁም አይታችሁታል። መንገድ ዳር፣ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ በረት ጀርባ ይበቅላል። አበባው እንደ መለከት የረዘመ ነጭ ነው። ፍሬው እንቁላል መሳይ ሆኖ ዙሪያውን እሾህ ነው። ሲደርቅ አራት ቦታ ይሰነጠቅና ጥቁር ጥቃቅን ዘር ይረግፋል።

ያ ዘር ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የበላው ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ አፉ ክው ብሎ ይደርቃል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ብርሃን ያስቸግረዋል። ልቡ ይመታል፣ ገላው ይግላል፣ ሽንቱ ይያዛል። ከዚያ ይቃዣል፤ የሌለ ሰው ያናግራል፣ የሌለ ነገር ከአየር ላይ ይለቅማል። ይህ ሁኔታ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ የባሰበት ራሱን ይስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታል።

"ልክ መጠኑን ካወቁት አይጎዳም" የሚል ክርክር እሰማለሁ። ውሸት ነው። የመርዙ ብዛት ከተክል ተክል፣ ከቅጠል ዘር፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። በእፍኝና በቁንጥጫ የሚለካ ሰው ይህን ማወቅ አይችልም።

ሰውየው ፈዞ፣ ቃሉ ጠፍቶት፣ ሚስቱን እንደ ሕፃን ሲከተላት "ያዘው!" ይባላል። ፍቅር መስሏቸው ነው። የተመረዘ ሰው ግን አይወድም። ታሟል።

ጤና አዳምና ግዛዋስ?

ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ጣል ይደረጋል፤ ይህ ለጤነኛ አዋቂ የሚያሳስብ አይደለም። በደጅ መትከሉ፣ ለቡዳ ብሎ ማሽተቱም የቆየ ልማድ ነው። በብዛት ጨምቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትሞክረው፤ ማኅፀንን የሚያኮማትር ጠባይ ስላለው ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል፣ ለእናትየውም አደገኛ ነው። እርጥቡ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው የሚቆስልበትም ሰው አለ።

ግዛዋ ክፉ መንፈስ ያርቃል ተብሎ የሚታጠን ነው። ለፍቅር ሥሩን ጠጡ የሚላችሁን አትስሙ።

ባሌ ጠባዩ ተለወጠ፤ "አስነክተውት ነው" አሉኝ። እንዴት ላውቅ?

መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሰው በድንገት ዝም ሲል፣ ሲነጫነጭ፣ ከቤት ሲርቅ፣ ከሲታ ሲሆን ምክንያቱ ብዙ ነው። ስኳር፣ የእንቅርት ችግር፣ ድብርት፣ መጠጥ፣ ጫት፣ የገንዘብ ጭንቀት። ከነዚህ ብዙዎቹ መድኃኒት አላቸው። በጠንቋይ ደጅ የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ በሽታውን ያባብሰዋል።

ለውጡ የመጣው በሰዓታት ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም ጠጥቶ ወይም በልቶ ብዙ ሳይቆይ መቃዠት ከጀመረ፣ አትጠብቂ። ወዲያው ጤና ተቋም ይድረስ። በቀይ መስቀል 907 አምቡላንስ መጥራት ይቻላል። የበላው ነገር፣ የተረፈው ዱቄት ወይም ቅጠል ካለ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል። ወተት ወይም ዘይት ለመጋት፣ ጣት አስገብቶ ለማስመለስ አትሞክሩ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይግባ፣ በጎኑ አስተኙት።

ሰጪዋ አንቺ ብትሆኚም እንኳ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሪው። እፍረቱ ያልፋል፤ የሞተ ሰው አይመለስም።

"ለእኔ ሠርቶልኛል" የሚሉ ሰዎች አሉ እኮ?

አሉ። እንደሚዋሹም አላስብም። ግን ልብ በሉ። መስተፋቅር ፈላጊዋ ከአዋቂው ስትመለስ ተስፋ ይዛ ነው የምትመለሰው። ገላዋን ትታጠባለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ቤቷን ታጥናለች። "በሰባት ቀን ይሆናል፣ እስከዚያ ክፉ እንዳትናገሪው" ተብላ ስለሆነ አፏን ትሰበስባለች። ወር ሙሉ የተኳረፈ ሰው ሳምንት ሙሉ በጥሩ ፊት ሲቀበሉት መለወጡ ምን ይገርማል? ምስጋናውን ግን ሥሩ ይወስዳል።

ያልሠራለት ሰው ደግሞ አያወራም። ገንዘቡን ተበልቶ ዝም ይላል። ስለዚህ የምንሰማው የተሳካለትን ብቻ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስስ እንዲህ ያለ ተክል የለም ወይ?

አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ሮቤል ከእርሻ እንኮይ አምጥቶ ለእናቱ ለልያ ይሰጣታል። ልጅ ያልነበራት ራሔል ተመኘችው፤ ያዕቆብን ለአንድ ሌሊት ለልያ ለቃ ወሰደችው። ታሪኩ ላይ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የፀነሰችው እንኮዩን የወሰደችው ራሔል አይደለችም፤ የሰጠችው ልያ ናት። ራሔል የፀነሰችው በኋላ ነው፤ እሱንም መጽሐፉ እግዚአብሔር አሰባት ብሎ ነው የሚነግረን።

ሃይማኖቶቻችን ምን ይላሉ?

ሁለቱም ይከለክላሉ። ዘዳግም 18 ምዋርተኛንና አስማተኛን አጥብቆ ይቃወማል። ክታብ ጻፊው ደብተራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተማረ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ነገሩን ግን ትምህርቷ አይፈቅደውም። በእስልምናም ሲሕር ከከባድ ኃጢአቶች አንዱ ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 102 ላይ ባልና ሚስትን የሚለያዩበትን ድግምት የሚማሩ ሰዎችን ይኮንናል።

እዚሁ አገራችን ላይ አንድ ታሪክ አለ። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ በጥንቆላ ላይ እንደሳቸው የበረታ ንጉሥ አልነበረም። ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ በገላው ላይ እንዲይዝ አዘዙ። ያኔ የሐሰት ከሳሾች ተነሡ። "ደስክና ዲኖ የሚባሉ መናፍስትን አመለኩ" እየተባለ ስንቱ ተቀጣ። የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ በዚህ ክስ ተቀጥተው የሞቱ እንዳሉ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ጥንቆላን መጥላት ጥሩ ነው። ሰውን ያለማስረጃ ጠንቋይ ማለት ግን ራሱ ሌላ ግፍ ነው።

አማቴ "ልጄን አስነካሽብኝ" ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ በጣም ያሳዝነኛል፤ በብዛትም ይመጣል። ልጇ ደመወዙን ለሚስቱ ሰጠ፣ እሑድ እናቱ ጋ አልሄደም፣ ሕፃን አቀፈ፣ ወጥ ቤት ገባ። በቃ፣ "አቅምሳዋለች" ይባላል። ወንድ ሚስቱን ሲወድ መድኃኒት ነው፣ ሲጠላት ጠባዩ ነው ማለት ነው? አንድም ቀን ወንዱን "ሚስቱን አስነክቶ ነው እንዲህ የምትወደው" ሲሉ አልሰማሁም።

ብቻሽን አትከራከሪ። መልሱን ባልሽ ራሱ ለእናቱ ይስጥ፤ "እማዬ፣ ሚስቴን የምወዳት ወድጄ ነው" ይበላት። ካልበረደ የነፍስ አባት ወይም ሁለታችሁ የምታከብሯቸው ሽማግሌ ይግቡበት። ወሬው ወደ ዛቻ ወይም ወደ ዱላ ከሄደ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፤ ለፖሊስ አመልክቺ።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡትስ?

ገንዘባችሁን አትስጡ። መጀመሪያ ትንሽ ብር በቴሌብር ያስልካሉ። ቀጥሎ "ሥራው ከብዷል፣ ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል" ይላሉ። ከዚያ ፎቶ፣ የእናት ስም፣ ምስጢር። መጨረሻ ላይ ያንኑ ምስጢር ይዘው ያስፈራሯችኋል።

እጸ መሰውር በእርግጥ አለ?

የያዘውን ሰው ከዓይን ይሰውራል የሚባለው ተክል በተረት አለ። በገበያ የለም።

ጓደኛዬ ለፍቅረኛዋ የሆነ ዱቄት ልትሰጠው ነው። ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ተናገሪ። መጀመሪያ ለሷ፣ ለብቻዋ። አትሳቂባት፣ አትስደቢያት፤ የተጨነቀች ሴት ናት። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ጠይቂያት። አታውቀውም። "የማታውቂውን ነገር ለልጅሽ ታጠጫለሽ?" በያት። ሰውየው ቢሞት ወይም ቢያብድ እጇ ጽዋ ላይ የታየው እሷ ራሷ በሕግ ልትጠየቅ እንደምትችል ንገሪያት። ካልሰማችሽ ለሱ ንገሪው። ጓደኝነታችሁ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ይቀዝቅዝ።

ከዚያ ደግሞ ስሚያት። መስተፋቅር ከሚፈልግ ሰው ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። የሚመታት ባል፣ የተደበቀ ውሽማ፣ ልጅ አለመውለድ፣ ብቻዋን ቀርታ የመኖር ፍርሃት። ልጅ ለመውለድ የሚደረግ ምርመራ ባልንም ይጨምራል፤ ችግሩ ከወንዱ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የሚመታ ሰው ደግሞ በቅጠል አይታረምም።

እሺ፣ እኔ አስማት አልፈልግም። የአያቶቻችንን ነገር ግን መተው አልፈልግም። ምን ልጠቀም?

ጎበዝ። ከአደስ ጀምሪ። ከገበያ ስትገዢ የተወቀጠውን ሳይሆን ደረቅ ቅጠሉን ምረጪ፤ በተወቀጠው ውስጥ ሌላ ቅጠል ሊቀላቀልበት ይችላል። ቅጠሉን በጣትሽ ስትሰብሪው መዓዛው ወዲያው መምጣት አለበት። ካልመጣ ከርሟል፣ ተይው። እቤትሽ ወቅጠሽ በቀጭን ወንፊት ንፊው፤ ካልሆነ ፀጉር ውስጥ ይቆረቁራል። ለጋ ቅቤ ውስጥ ጨምረሽ አንድ ቀን ይደር። መጀመሪያ ክርንሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ ሞክሪ፤ ካሳከከሽ አይስማማሽም። ቅዳሜ ማታ ተቀብተሽ እሑድ ጠዋት መታጠብ ነው። ቅቤው የሚከብድሽ ከሆነ አሪቲውን ብቻ ሻሽሽ ሥር ሸጉጪ።